ለዓይን አንድ፣ ለጆሮ ሁለት

እትዬ ኔቨና፣ እባክዎ ዛሬ፣ በጡረታ መሸኛዎ ቀን እንኳ ዓይንዎን ገልጠው ያዳምጡኝ።

ወዳጆቼ፣ እትዬ ኔቨና የዛሬ አሥራ አራት ዓመት በዚያ በር ሲገቡ፣ የልጃቸው ውጤት አንሶባቸው ሊያማርሩ የመጡ እናት መስለውኝ «ቅሬታ የሚታየው ሐሙስ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ምን ገዷቸው! ወንበር ስበው አጠገቤ ቁጭ አሉ፣ ኮምፒውተሬን ትክ ብለው አዩና «የእኔ ቅሬታ ይሄ የክፍልፋይ መስመር ነው፤ አጥሯል» አሉኝ። ለካ አዲሷ ባልደረባችን ናቸው፤ ሃያ ዓመት ማተሚያ ቤት የሒሳብ መጽሐፍ ፊደል ሲለቅሙ የኖሩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህ በፕሎቭዲቭ ከተማ ቢሮ ሰላም አላየንም። በኢንተርኔት ለምንሰጠው ትምህርት ቀመር ፎቶ አንስተን ከለጠፍን አለቀልን፤ «ሥዕል ከሆነ ግድግዳ ላይ ስቀለው» ይላሉ። ተማሪ ስልኩ ላይ ሲያጎላው የሚደበዝዝ፣ ለዓይነ ስውር የሚያነበው ፕሮግራም ደግሞ «ምስል» ብሎ ብቻ የሚያልፈው ቀመር፣ እሳቸው ዘንድ ቀመር አይባልም። ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ካልሰሙት አንድም ነገር ከዚህ አይወጣም። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ «ሴትዮዋ ተኝተዋል» ብሎ በእግር ጣቱ ሲራመድ አይተናል። እንዳትሸወዱ፣ አንዲት ቅንፍ ብትጎድል ከዚያ እንቅልፍ ብድግ ነው። ቅባታም የአይብ ባኒጻውን በልቶ እጁን ሳይታጠብ የእሳቸውን ኪቦርድ የነካ ደግሞ ወየውለት።

አሁን ቀልዱን ልተወው። የዛሬ ስድስት ዓመት የሠራሁትን ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ካሊና የምትባል ዓይነ ስውር ተማሪያችን የሒሳብ ፈተና ወደቀች። ሁለተኛ ጊዜዋ ስለሆነ ልትባረር ነው። «ጥያቄው ሁለት የማይታወቁ ቁጥሮች አሉት፤ በአንድ እኩልታ ሁለቱን እንዴት ልፈልግ?» ብላ አመለከተች። እኔ ፈተናውን ከፍቼ አየሁት፤ ያለው የማይታወቅ ቁጥር ሂክስ (x) ብቻ ነው። ሰበብ ፈልጋ ነው ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።

እትዬ ኔቨና ግን አላዩትም፤ ሰሙት። ደጋግመው ሰሙትና «ፕላመን ልጄ፣ እስቲ ና» አሉኝ። ማዳመጫውን አደረግኩት። ፕሮግራሙ መጀመሪያ «ሂክስ» አለ፤ ትንሽ ቆየና «ኸ» አለ። ክው አልኩ። የሒሳቡ የላቲን ሂክስና የእኛው የቡልጋርኛ ፊደል «ኸ» ሲጻፉ (x እና х) መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። እኔ በችኮላ ኪቦርዱን ወደ ላቲን ሳልመልስ አንዱን በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ። ልጅቷ ያለችው እውነቷን ነው፤ እሷ ዘንድ የደረሱት ሁለት ነበሩ።

እትዬ ኔቨና የፈተና ቅሬታ የሚሰማው ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ቢያገላብጡ «እኛ ምንም ልዩነት አይታየንም» አሉ።

«አይታይም፤ ይሰማል» አሏቸውና ድምፁን ከፈቱላቸው።

ውጤቱ ተሰረዘ። ካሊና እንደገና ተፈትና ከስድስት ስድስት አመጣች። ስሜን ማንም ፊት አላነሱም፤ ስንወጣ ብቻ ጠጋ ብለው «ይቅርታውን ግን አንተው ራስህ ትጠይቃታለህ» አሉኝ። ጠየቅኳት። እንደዚያን ቀን አፍሬም ኮርቼም አላውቅም፤ ያፈርኩት በራሴ፣ የኮራሁት በእርስዎ ነው።

እትዬ ኔቨና፣ ዛሬ ከዚህ ቤት የሚወጣ ቀመር ሁሉ ይነበባል፣ ይጎላል፣ ይሰማል። ከሌላ ከተማ ድረስ እየመጡ «እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብለው ሲጠይቁን ደረታችንን ነፍተን የምናወራው የእርስዎን ሥራ ነው። እጅዎን ይባርከው፤ እናመሰግናለን።

አንድ ነገር ግን ደብቀንዎታል። «ማንን ልትተኩ ነው?» እያሉ ሲጨቀጭቁን ሰነበቱ፤ እኛም አፋችንን ዘግተን ከረምን። አጠገብዎ የተቀመጠችው ካሊና «ልሰናበትዎ ነው የመጣሁት» ብላዎታል አይደል? ዋሽታለች። ትናንት ውሉን ፈርማለች፤ ከሰኞ ጀምሮ ወንበሩ የእሷ ነው።

በሉ፣ የራኪያ ብርጭቋችሁን አንሱ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የወይን ተክልዎ ይፍራልዎ፣ ቤትዎ ሰው አይጣ። ለእኔም ጸልዩልኝ፤ ከእንግዲህ የጻፍኩትን ሁሉ የምትሰማው ካሊና ናት። ለጤናዎ!