ጋሽ ጣሰው የሚቆሙበት ወጋግራ

ጋሽ ጣሰው በሠላሳ ዓመት የግንበኝነት ዘመናቸው አንድ ልማድ ነበራቸው፤ አዲስ ኮንክሪት የደገፈው እንጨት ሲነሳ ከወጋግራው ሥር የሚቆሙት ራሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ከቦንጋ ገበያ ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና አንድ ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረውን የጎረቤታቸውን ልጅ፣ መሐንዲሷን ዕፀገነትን አገኟት።

«ነገ በጅረቱ ላይ የተማሪዎቹን መሻገሪያ ድልድይ ኮንክሪት እንሞላለን» አሏት ኮራ ብለው። «እንደ አሮጌው ድልድይ ዝገት እንዳይበላው በብረት ፋንታ ከመስታወት ክር የተሠራውን አዲሱን የፋይበር ፌሮ አስገብቻለሁ። ሦስት ብረት በነበረበት ሦስት።»

ዕፀገነት ክው አለች። «ጋሽ ጣሰው፣ እባክዎ ነገ አይሙሉ።»

«ለምን? ከብረት ይጠነክራል ተብያለሁ!»

«ይጠነክራል፤ ግን ይለጠጣል። መጥተው በዓይንዎ ይዩልኝ።»

ደማቸው ፈላ። ትናንት የተወለደች ልጅ ወጋግራ ልታስተምራቸው! ሆኖም በዚያ ድልድይ የምትሻገረው የልጅ ልጃቸው ሩሀማ ትዝ አለቻቸውና ተከተሏት።

በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ሁለት እኩል ወጋግራዎች ነበሩ፤ አንዱ ሦስት ብረት፣ ሌላው ሦስት ፋይበር ፌሮ ያለባቸው። እኩል ሲጫኑ የብረቱ እምብዛም አልተነቃነቀም። የፋይበሩ ግን እያዩት ጎበጠ።

«አውርጂለት፣ ሊሰበር ነው!»

ጭነቱን ስታነሳለት ቀና አለ። ጋሽ ጣሰው አፋቸውን ሞልተው ሳቁ። «ይኸው ተመለሰ! ታዲያ ምን አስፈራሽ?»

«ቆይ፣ አይቸኩሉ» ብላ ጭነቱን እየጨመረች ሄደች። የብረቱ ተሰነጣጠቀ፤ ቀስ እያለም ወረደ፤ ሰው ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል። የፋይበሩ ከብረቱ አብልጦ ተሸከመ፣ ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ ከዚያ በድንገት ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ለጋሽ ጣሰው ሩሀማ ደብተሯን ታቅፋ መሐል ድልድዩ ላይ ታየቻቸው።

«ወደ ብረቱ ልመለስ በይኛ!» አሉ ተቆጥተው፤ ሲፈሩ መቆጣት ይቀናቸዋል።

«አይመለሱ። የእኛ አገር ዝናብ ብረትን ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ፤ ፋይበር አይዝግም። ብቻ በብረት ልክ አይሥሩት። ወጋግራውን ከፍ እናድርገው፣ ፌሮውንም እናብዛው፤ ልኩን አብረን እናሰላለን። ያኔ ጉብጠቱ ያንሳል፤ የሚሰበርበት ጭነትም እጅግ ይርቃል።»

«ለካ የማውቀው የብረትን ልክ ብቻ ነው» አሉ ጋሽ ጣሰው። «ልክ ነሽ ልጄ። ኮንክሪቱ የሚሞላበትን የእንጨት ካሳፎርማ ዛሬውኑ አፈርሰዋለሁ።»

ኮንክሪቱ በአዲሱ ልክ ተሞልቶ ከወር በኋላ ድጋፉ ተነሳ፤ ለሙከራም በወጋግራው ላይ የአሸዋ ጆንያ ተደረደረ። ጋሽ ጣሰው እንደ ልማዳቸው ሥሩ ገቡ። ዕፀገነትም ጅረቱ ውስጥ ገብታ አጠገባቸው ቆመች።

«ውጪ አንቺ!»

«ስሌቱ የእኔም ነው፣ ጋሽ ጣሰው።»

የወጋግራው ጉብጠት በዓይን አልታየም። የሚዝግ ነገር በውስጡ የለምና የቦንጋ ክረምት እንደ አሮጌው አይበላውም። ጆንያው ወርዶ የሩሀማ እግር ከላያቸው ሲሮጥ እስኪሰሙ ድረስ ግን ጋሽ ጣሰው ከሥሩ ንቅንቅ አላሉም።