ባለ አንድ ወንበሩ ሳሎን

እሁድ ረፋድ፣ ጉለሌ፤ ጡረተኛው አቶ ጌጡ ሳሎኑ ውስጥ አዲሱን የሲዲ ማጫወቻውን በጨርቅ እየወለወለ፣ ባለቤቱ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በረንዳ ላይ ከተቆለሉት ወንበሮች አንዱን ተሸክማ ከበሩ ላይ ቆማ።

ጌጡ፦ መልሺው! አንድ እግሩ እንኳ ደፉን እንዳያልፍ!

የሻሽ፦ ወንበር ነው የያዝኩት ጌጡ፣ ጅብ አይደለም።

ጌጡ፦ ከጅብም ይብሳል። ጅብ ሥጋ ነው የሚበላው፤ ይኼ ስፖንጁ ድምፅ ይበላል።

የሻሽ፦ ታዲያ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የት ሊቀመጡ ነው? ለሰናይት እኮ ነው የሚመጡት፣ ለልጅህ!

ጌጡ፦ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። እሺ ሳይባል አይቀመጥም። እኔ ደግሞ ዛሬ እሺ አልልም። ወንበር ለምኔ?

የሻሽ፦ ለእኔስ? እኔ ልመና አልመጣሁ፣ ቤቴ ነው።

ጌጡ፦ ያቻት አንዷ፣ መሐል ላይ ያለችው።

የሻሽ፦ እሷማ ዙፋንህ ናት። ባለፈው ትንሽ አረፍ ብልባት «ጭንቅላትሽ ወደ ግራ አዘነበለ» ብለህ አስነሣኸኝ።

ጌጡ፦ ከሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች እኩል ካልራቅሽ ከበሮው ወደ አንድ ጎን ይወድቃላ!

የሻሽ፦ ይውደቅ! ወድቆ ወገቡ የተሰበረ ከበሮ አላየሁም። ያ የድሮው ማጫወቻ ለመሆኑ ምን በደለህ? ሲዲውን በቀሚሴ ጫፍ ጠርገን ስንከተው ይዘፍን አልነበር?

ጌጡ፦ ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል። ያ እኮ ዘፈኑ መሐል ሲደርስ እንደ ሰካራም አንዲት ቃል ይዞ ይደጋግም ነበር። ይኼን ግን አንድ ፈረንጅ ዲፕሎማት አገሩ ሲገባ እያዘነ ነው የሸጠልኝ። ዘፋኟ አፏን ከመክፈቷ በፊት አየር ስትስብ ይሰማሻል። ስትተነፍስ!

የሻሽ፦ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አጠገብህ ስተነፍስ ሰምተኸኝ ታውቃለህ?

ጌጡ፦ አንቺማ ታንኮራፊያለሽ፤ ለዚያ ጥሩ ዕቃ አያስፈልግም።

የሻሽ፦ እንግዲያው እንደ እኔ የሚያንኮራፋውን ፍሪጅ አትንቀልብኛ! ሐሙስ ወተቱ እዚያው ውስጥ ረግቶ ጠበቀኝ።

ጌጡ፦ እሱ ሲነሣ ግድግዳው ራሱ ያጉረመርማል። እኔ የማዳምጠው መሰንቆ ነው፣ የከባድ መኪና ሞተር አይደለም።

የሻሽ፦ ስጋጃዬን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ፣ የወፍጮ ድንጋዬን ከማጫወቻው ሥር አጋድመህ፣ መጋረጃውን ዘግተህ… ሰው ቢያይ የጠንቋይ ቤት ነው የሚለው።

ጌጡ፦ ይበል። ስለ እኔ ያልተባለ ምን ቀረ? ውብእሸት ያለኝ አይበቃም?

የሻሽ፦ ደረስንባት! ዛሬ ዘገየች ብዬ ነበር።

ጌጡ፦ በዚያ የክርስትና ድግስ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት! ማይኩ ሲያፏጭ ላስተካክለው ብነሣ «ጌጡን ተዉት፣ የስድስተኛ ክፍልን በር አንኳኩቶ የተመለሰ ሰው ስለ ድምፅ ምን ያውቃል» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ሊወድቅ! አንቺም ስቀሻል።

የሻሽ፦ ሳቄን በምን ሰማኸው? ያኔ ይኼ ዕቃ አልነበረህ።

ጌጡ፦ ቀልጂ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዛሬ ደግሞ ያው ሰውዬ ለልጁ ሚስት ፈልጎ እኔ ደጅ ሽማግሌ ይልካል! ይላክ። አቆማቸዋለሁ። እመልሳለሁ፣ ደግሞ ሲመጡ ደግሞ እመልሳለሁ። ውብእሸት በገዛ አፉ «አጥፍቻለሁ» እስኪል ድረስ ከዚህ ቤት አንዲት እሺ አትወጣም።

የሻሽ፦ ልጁ ይድነቃቸውስ ምን አደረገህ?

ጌጡ፦ ልጁ ጨዋ ነው፣ ምንም አይወጣለት። አባቱን ነው የማውቀው።

የሻሽ፦ እሺ አባወራው። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው እሁድ እኔ ለቅሶ ቤት ሳለሁ እንግዶች መጥተው ነበር አሉ።

ጌጡ፦ መጥተዋል እንጂ! መስማት የፈለገ ይምጣ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሰው ሁሉ ተናግሬ አልነበር? ከወዲያ ሰፈር ሁለት አዛውንት መጡ፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው። ለሙዚቃ እንዲህ ለባብሶ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም!

የሻሽ፦ ምን አሉህ?

ጌጡ፦ ገና «የመጣንበት ጉዳይ…» ብለው ሳይጨርሱ እኔ ቀደምኳቸው። «የመጣችሁበትንማ አውቀዋለሁ፤ እናንተን የመሰለ ሰው በመምጣቱ ቤቴ ተከብሯል» አልኳቸው።

የሻሽ፦ ኧረ በስመ አብ! ከዚያስ?

ጌጡ፦ ትልቁ፣ አባባ ዘርጋው የሚባሉት፣ አልቀመጥም ብለው ድርቅ አሉ። «በእኔ ሞት!» ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

የሻሽ፦ ይተያዩ እንጂ! ምን አሰማሃቸው?

ጌጡ፦ የሠርግ ዘፈኖቹን ነዋ። እልልታው ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሲያልፍ… ዕቃ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። የሻሽዬ፣ ሽማግሌው አለቀሱ! ሲወጡማ ጉልበትህን ካልሳምን ብለው ታገሉኝ። ዕቃ ማለት እንዲህ ነው!

የሻሽ፦ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ጌጡ፦ የምን በሬ?

የሻሽ፦ አባባ ዘርጋው የጋሽ ውብእሸት አጎት ናቸው።

ጌጡ፦ የማን አጎት?

የሻሽ፦ ሽማግሌዎቹ እነሱ ነበሩ ጌጡ! የመጣችሁበትን አውቃለሁ አልክ፣ ክንድ ይዘህ አስቀመጥክ፣ ይባስ ብለህ የሠርግ ዘፈን ከፈትክ። እሺ ከዚህ በላይ እንዴት ይባላል? ዛሬ የሚመጡት ሊለምኑ አይደለም፤ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ነው።

ጌጡ፦ እኔ እኮ ያስቀመጥኳቸው ለድምፁ ነው! ቆመው ቢሆን ኖሮ ግማሹ በራሳቸው ላይ ያልፋቸው ነበር!

የሻሽ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የዘፋኟን ትንፋሽ ሰምቶ የሽማግሌ ቃል ያመልጠዋል።

ጌጡ፦ አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?

የሻሽ፦ ዛሬ፣ ከቅዳሴ ስወጣ። ሴቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ እያለ ሲያቅፈኝ።

ጌጡ፦ ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልሽ?

የሻሽ፦ «አቆማቸዋለሁ» እያልክ ስትፎክር አምሮብህ ነበራ። ማቋረጥ ነውር መሰለኝ።

ጌጡ፦ እክዳለሁ! «ለሙዚቃ እንጂ ለጋብቻ አላስቀመጥኳችሁም» እላለሁ። ወረቀት አልፈረምኩ!

የሻሽ፦ በል። መጀመሪያ ግን ጓዳ ግባና ለሰናይት ንገራት። እኔ አልችልም።

ጌጡ፦ ምን ትላለች?

የሻሽ፦ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። «አባዬ ያን ሁሉ ቂም ለእኔ ሲል ተወው፤ እኔ ግን እንቢ ይላል ብዬ በሆዴ አምቼው ነበር» ትላለች።

ጌጡ፦ እንዲያ አለች? ለእኔ ሲል አለች?

የሻሽ፦ ለእኔ ሲል።

ጌጡ፦ …እንዲህ ካለችማ እንዴት ብዬ ነው የምክደው።

የሻሽ፦ ሌላም አለ። ጋሽ ውብእሸትም ከሽማግሌዎቹ ጋር ይመጣሉ።

ጌጡ፦ ምን ሲደረግ? አባት ራሱ ለልጁ ሊለምን ይመጣል እንዴ? ወግ የለም?

የሻሽ፦ ልመናውማ አለቀ አልኩህ። ሊሰሙ ነው የሚመጡት። «አጎቴ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ዕንባ ጠብ ብሎላቸው አያውቅም፤ ያስለቀሳቸውን ነገር በጆሮዬ ካልሰማሁ» ብለዋል።

ጌጡ፦ ውብእሸት? ድምፅ ሊሰማ? እኔ ዘንድ?

የሻሽ፦ «ጌጡ ከፈቀደልኝ» ነው ያሉት። ሰናይት ከይድነቃቸው ሰምታ ቃል በቃል ነው የነገረችኝ።

ጌጡ፦ ከፈቀደልኝ…

የሻሽ፦ ስማ፣ የውጭው በር ተንኳኳ! መጡ። ምን ልበላቸው? ልመልሳቸው? ኧረ ተናገር ጌጡ፣ ደጅ ቆመዋል!

ጌጡ፦ ሂጂና ክፈቺ፤ ግን ሰላምታውን እዚያው በር ላይ አርዝሚው። ከልጆቻቸው እስከ ከብቶቻቸው ደህንነት ጠይቂ! ይኼ ዕቃ ሳይሞቅ ደህና አይዘፍንም፤ እኔ ደግሞ ለአማቼ ቀዝቃዛ ድምፅ አላሰማም!