መሐላችሁን ስጡኝ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የሚያስታርቃቸው ሰው የት ነው የሚቆመው? … መሐል፣ አይደል? አዎ፣ መሐል። ታዲያ ሰዎቹ ታርቀው ወደየቤታቸው ሲሄዱ እሱ ወዴት ነው የሚሄደው?

አትመልሺልኝ ፈንታነሽ፤ እንዲያው አፌን ለማፍታታት ነው። ግቢ፣ ግቢ፤ ደጃፍ ላይ አትቁሚ። እዚያ መደቡ ላይ ተቀመጪ። አጎዛውን ከጎረቤት ተውሼ ነው ያነጠፍኩት፤ አቧራውን አራግፌዋለሁ። ቤቱ እንደምታዪው ነው። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ የኖረበት ሰው የለም፤ እኔም ገና መምጣቴ ነው።

መንገዱ? ደህና ነበር። እስከ ደጀን አውቶቡሱ እንደ ሰው አመጣን። ከደጀን ወዲህ ግን ከጎኔ የተቀመጠው ነጋዴ ዶሮዎቹን እኔ ጭን ላይ አስቀምጦ እንቅልፉን ተኛ። ከቢቸና በጭነት መኪና፣ ቀሪውን በእግሬ። … ተለውጧል፣ እንዴታ! ቢቸና ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆኗል። ሰው ግን ያው ነው። ያገኘኝ ሁሉ "እንዴት ከረምሽ? መቼ መጣሽ?" ይለኛል። "መቼ ትሄጃለሽ?" ማለቱ እንደሆነ አይጠፋኝም።

ድምፄ ከፍ ቢልብሽ አትቀየሚኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ፊደል ሳርም ነው። የማተሚያው መኪና ሲያጓራ ውሎ ያድራል፤ ጆሮዬን ይዞት ቀረ። ስለዚህ የምናገረውን ውጭ ያለ ሰው ቢሰማው ጥፋቱ የመኪናው ነው። … ደግሞስ ውጭ ማን ይኖራል?

አጥሩ ሥር የታሰረችው በቅሎ ያንቺ ናት? … እንዲያ ነው? አድገሻል። ኮርቻዋ ያምራል።

ማሩን እዚያው አስቀምጪው። ማን ላከው ብዬ አልጠይቅሽም፤ ላኪው ስሙ እንዲጠራ ቢፈልግ ኖሮ ራሱ ይዞት ይገባ ነበር። ጥሩ ማር ነው። ከጨፌው አበባ የተቀሰመ ይመስለኛል። እንግዲህ አጥሩን ሳይፈሩ ጨፌው የሚገቡት ንቦች ብቻ ናቸው።

"ይቅር በዪ ብለውሻል" ነው ያልሽኝ? … እሺ፤ እንመጣበታለን። መጀመሪያ ስለ አንድ ሌላ ሰው ላጫውትሽ። አታውቂያቸውም። ነገሩ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ የሆነ ነው፤ አንቺ ገና አልተወለድሽም።

እንደ እኒያ ሰው ያለ አስታራቂ ከቢቸና እስከ ሞጣ አልነበረም። ይህን ስልሽ ከልቤ ነው። ባልና ሚስት ቢጣሉ እሳቸው፤ ወንድማማች በርስት ቢካሰስ እሳቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ መምህር ለመሆን ምንም አልቀራቸውም ይባላል። ግን መሬት ይወዱ ስለነበር ትተውት ተመለሱ። መሬት መውደድ ምን ነውር አለው? ሰው ራሱ አፈር አይደለም? ሰው ሲወዱ ነው የኖሩት ማለት ነው።

ይህን ከታች ያለውን ጨፌ ታውቂዋለሽ፤ መሐሉ ላይ ምንጭ ያለውን። ከወዲያ በኩል ባለከብቶች ነበሩ። ትልቁ ሐምዱ የሚባል የሞጣ ነጋዴ ነው። እስላም በመሆኑ ርስት አይደርሰውም፤ ያለው ሁሉ ከብት ነበር፤ ከብቱም የሚውለው ጨፌው ላይ ነው። ከወዲህ በኩል አራሾች ነበሩ፤ ትልቁ ፋንታ ነው። ልጅ በዛ፤ መሬት ግን አይወልድም። ፋንታና ባልንጀሮቹ የጨፌውን ዳር በየዓመቱ እያረሱ ወደ ውስጥ ገቡ። ግጦሹ የጠበበበት ከብትም በየዓመቱ ጤፋቸው ውስጥ ገባ። አራሹ "በላብኝ" ይላል፤ ባለከብቱ "አረሰብኝ" ይላል። የሁለቱም እውነት ነው። ኋላ የሐምዱን ወይፈን በመጥረቢያ መቱት፤ የፋንታ ክምር ተቃጠለ፤ ጠመንጃ ከየሰቀላው ወረደ።

ያን ጊዜ እኒያ ሰው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። … ደግ ሰው ጥሪ ይጠብቃል እንዴ?

ሐምዱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አይምል፤ ፋንታ በመስጊድ ደጅ አይምል። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን እዚህ ላይ ይጨንቀው ነበር። እሳቸው ግን "ጨፌው መሐል፣ ምንጩ አጠገብ እንማማላለን" አሉ። ሁሉም እዚያው ተሰበሰበ፤ ቄሱም ሼሁም መጡ። ፍርዳቸውን ሰጡ። ፋንታ እስከ ዛሬ ያረሰውን ይያዝ፤ ከእንግዲህ ግን እርፉን ወደ ውስጥ እንዳይገፋ። ሐምዱ በወዲያው ዳር ያሰማራ፤ አጨዳ ሳያልቅ አንድ ቀንድ ወደ ማሳ እንዳያሻግር። መሐሉ እንዳይታረስ። ፍርዱ መልካም ነበር። እኔ ስንት የሕግ መጽሐፍ አርሜያለሁ፤ ከዚያ የተሻለ አላነበብኩም።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና "በሉ፣ መሐላችሁን ለእኔ ስጡኝ" አሉ።

"ሰጥተናል!" አለ ሰዉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም።

"እንግዲህ መሐላችሁ በእኔ እጅ ነው። መሐላችሁን የነካ የተወገዘ ይሁን።"

"ይሁን!"

ቄሱ ገዘቱ፤ ሼሁም ዱዓ አደረጉ። ተቃቅፈው ተለያዩ።

መስከረም ሲጠባ የጨፌው መሐል በእሾህ ታጥሮ ተገኘ። ምንጩም፣ ለምለም ለምለሙ ሣርም ውስጥ ነው። ፋንታና ሐምዱ ተያይዘው ወደ እኒያ ሰው ቤት ሄዱ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲሄዱ ያየ ሁሉ "ዕርቁ ያዘ" አለ።

"ጌታው፣ ያ አጥር ምንድን ነው?" አሏቸው።

"ያን ቀን ምን ሰጣችሁኝ?"

"መሐላችንን።"

"እኮ!" አሉ።

… ገባሽ? መሐላችሁ። ሲጠብቅ የምትምዪው መሐላ ነው፤ ሲላላ ቦታው መሐል ነው። ማተሚያ ቤት ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳየሁት፤ በጽሑፍ አይለይም፣ ፊደሉ አንድ ነው። እነሱ አጥብቀው ሰጡ፤ እሳቸው አላልተው ተቀበሉ። አላልተው የተቀበሉትን ደግሞ አጥብቀው ያዙ። በቀደም መንግሥት የጎጃምን መሬት ልለካ ቢል አገሩ ሁሉ ጠመንጃ አነሣ አይደል? እኒያ ሰው ግን ገመድም ሳይዘረጉ ጨፌውን በአንድ ቃል ለኩት።

ሰዎቹ ምን ያደረጉ ይመስልሻል? … ሳቁ። ማርያምን! ፋንታ ጉልበቱን እየመታ ነበር የሳቀው አሉ፤ "አይ እኒህ ሰው!" እያለ። በሌላ አገር መሬቱ የተወሰደበት ሰው ይጮኻል። በኛ አገር ቅኔው ካማረ ይስቃል። ወሬው ቢቸና ገበያ ደረሰ፤ ሰው እህሉን እንኳ ሳይሰፍር "እስቲ ድገመው፣ እስቲ ድገመው" ይል ነበር። ሐምዱም የሞጣ ልጅ አይደል፣ አማርኛው ገብቶት ፈገግ አለ። ያልገባቸው ከብቶቹ ብቻ ናቸው።

በቅሎዋ ናት እንዴ የምታስለው? … ዘንድሮ ጉንፋኑ እንስሳም አልማረ።

በጋው ከረረ። ከብቱ ውሃ ለማግኘት ጨፌውን ዞሮ፣ ገደሉን ወርዶ ወንዝ መድረስ ነበረበት። የወረደው ሁሉ አይወጣም ነበር። ሲዞርስ በማን ማሳ ያልፋል? በፋንታ። ስለዚህ እንደገና ተጣሉ፤ ያውም ከበፊቱ በጠበበ ቦታ። እኒያ ሰውም እንደገና አስታረቋቸው። አየሽ፣ ሥራ አልፈቱም።

አንድ ቅኔ የማይገባው አራሽ ነበር። ደምለው ይባላል፤ ወንድሜ ነው። ከፋንታ ወገን ነው፤ ከብት ጤፉን ሲበላበት እሱም ድንጋይ ወርውሯል። አንድ ቀን የሐምዱ ላሞች ጥጃዎቻቸውን አስከትለው እሾሁ ሥር ቆመው፣ ምንጩ ሲፈስ እየሰሙ ምላሳቸውን ሲያወጡ አየ። በመንሹ እሾሁን ወደ ጎን አለውና አስገባቸው። ጠጡ። "ምን አደረግህ?" ቢሉት "ውሃ ጠጡ" አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

የዕርቁ ፍሬ የታየው ያን ጊዜ ነው ፈንታነሽ። አራሹና ባለከብቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ። ፋንታ "መሐላ አፈረሰ" አለ። ሐምዱን አቁመው "አጥሩን ማን ከፈተው?" አሉት። የጠጣው የእሱ ከብት ነው። እሱም "ደምለው" አለ። ዋሸ እንዴ? አልዋሸም። ቄሱ ያን ግዝት በወንድሜ ላይ አጸኑት።

እኒያ ሰው ምን አሉ? አዘኑ። በሰው ፊት እንባቸውን ጠረጉ። "እኔ ምን ላድርግ ልጆቼ፤ መሐላችሁ ነው፣ የእኔ አይደለም" አሉ። … በዚያ ቀን ደግሞ ጠበቀ። መሐል ሲሆን የሳቸው ነው፤ መሐላ ሲሆን የሰዉ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ከየትኛው ቅኔ ቤት ይገኛል?

ከዚያ ወዲያ ደምለውን ማንም ደቦ አልጠራው፤ እሱም ቢጠራ የመጣለት የለም። አንድ በሬ ነበረው፤ በሬውን ከሱ በሬ ጋር የሚያቀናጅ ጠፋ። በአንድ በሬ እንዴት ይታረሳል? በዶማ ቆፈረ። እሳት ሊጭር ቢሄድ በር ይዘጉበታል። ሌላው ቢቀር በዚህ አገር የተራበ ውሻ እንኳ አይባረርም፤ ውሻ ግን መሐላ የለበትም። ኋላ ተስቦ ያዘው። ከዚህ መደብ ላይ፣ አንቺ ከተቀመጥሽበት፣ ሬሳውን የሚያነሣ አልተገኘም። … አይ፣ አትነሺ። ተቀመጪ። አጎዛው ንጹሕ ነው ብዬሻለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ የተገዘተ አልቀብርም አለ፤ ፍትሐትም የለም። ሐምዱና ሚስቱ ኸይራት መጡ። እሷ በነጠላዋ ገነዘችው፤ እሱ ማሳው ጥግ ቆፈረለት። ምን ዓይነት ጸሎት እንደሚጸለይ ስላላወቀ ዝም ብሎ ቆመ አሉ። ቆፍሮ ሲጨርስ "አሁን ዕዳዬን ከፈልኩ" ያለ ይመስለኛል። እሱ ለራሱ ይበለው። እኔ ወሬው አዲስ አበባ ሲደርሰኝ በመቃብሩ ላይ ሣር በቅሎ ነበር።

ይኸው ነው ታሪኩ። ዛሬ ስለ ምን አነሣሽው ብትዪኝ፣ እኒያ ሰው ሊመነኩሱ ነው ሲባል ሰማሁ። ደስ አለኝ። ግን ገዳሙ "በእርስዎ ዕርቅ የሞተ ሰው አለ፤ ከሟቹ ወገን ይቅርታ ሳያመጡ ቆብ አንሰጥም" አላቸው አሉ። የደምለው ወገን ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። ግጥምጥሞሹን አየሽልኝ? ያንቺም ላኪ ከኔ ይቅርታ ይፈልጋሉ። … ይተዋወቁ ይሆን?

"አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ይቅር በዪ" አልሽኝ። ልጄ፣ እኔ እኮ ቃል ሳገላብጥ ነው ያረጀሁት። "ይቅር" ብል ምኑ ይቅር? በደሉ ይቅር ነው? ሰውየውስ ከገዳሙ ይቅሩ ማለት ሊሆን አይችልም? ቃሉን ብሰጥሽ ይዘሽው ትወጪያለሽ፤ አጥሩ ጋ ስትደርሺ ወይ ይጠብቃል፣ ወይ ይላላል። ነገ የት ታጥሮ እንደማገኘው አላውቅም። በዚህ አገር ለአስታራቂ ቃል መስጠት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ መደብ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማሩንም መልሰሽ ውሰጂው። ንቀት አይምሰልሽ፤ ማር እወዳለሁ። ግን የጨፌው መሐል ነው፤ የነካው የተወገዘ ይሁን ተብሏል። አንድ ሰው ለነካው ምን እንደተደረገ ነገርኩሽ። እኔስ ሬሳዬን ማን ያነሣልኛል?

በዪ እንግዲህ፣ ፀሐይ ሳይከርርባት በቅሎዋን ፍቺያት፤ ብዙ ቆማለች። ባዶ እጅሽን ግን አልሰድሽም። ለላኪሽም፣ ለእኒያም ሰው ምርቃት አለኝ፤ ተከፋፍለው ይውሰዱት። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ዓይናቸውን አይንሣቸው፤ ያን አጥር ጠዋት ማታ እያዩ ይኑሩ። በመጨረሻውም ቀን ጻድቃን በቀኝ፣ ኃጥአን በግራ ሲለዩ፣ ለእሳቸው እንደለመዱት መሐሉን ይስጣቸው። ይስፋላቸው። ከወዲያም ከወዲህም የሚጋፋቸው፣ ኑም የሚላቸው አይኑር። … አሜን በዪ እንጂ።

ይቅርታውን ቢጠይቁሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ፤ ቢያጠብቁትም ቢያላሉትም ትርጉሙ አንድ ነው። እሳቸውን፣ ፋንታን፣ ቄሱን፣ ሐምዱን፣ ገበያ ላይ ቆሞ "ድገመው" ያለውን ሁሉ፣ ማንንም ይቅር አልልም።