ምስማሩና የቆርቆሮው ኩባያ

የጎርፉ ውኃ በሸሸ በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሽማግሌው ቻናን መሲህ አንድ አዲስ የቆርቆሮ ኩባያ፣ አንድ ምስማርና አንድ መዶሻ ይዞ የመስኖውን ድልድይ ሲሻገር ከሪፍቃ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ሪፍቃ የእኅቱ የልጅ ልጅ ናት። ከተማ ገብታ ነርስነት ተምራለች፤ ጎርፉን ስትሰማ የመድኃኒት ሳጥኗን ተሸክማ መጣች። ስሟን ያወጣላት ቻናን ነው። እኛ ርብቃ የምንለውን በእነሱ አገር በፑንጃብ ሪፍቃ ይሉታል።

«ባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤቱስ ተረፈ?»

«ቤቱ ቆሟል። ፍየሏ ሄዳለች። ስትሄድም አልተሰናበተችኝም።»

«መዶሻው ለምንድን ነው?»

«ለምስማሩ።»

«ምስማሩስ?»

«ለኩባያው።»

«ኩባያውስ?»

«ለእነሱ» አለና በአገጩ ወደ ታችኛው መንደር አመለከተ።

ታችኛው መንደር የሙስሊሞቹ ነው። ጉብታው ላይ ያሉት ሠላሳ ቤቶች ደግሞ የክርስቲያኖቹ ናቸው። ጉብታው ድሮ የተሰጣቸው ለእርሻ አይሆንም ተብሎ ነበር፤ ጎርፉ ይህን አልሰማም። የታችኛውን መንደር ጉድጓድና የእጅ ፓምፕ ሁሉ በጭቃና በሞተ ከብት ሲያበላሽ፣ ጉብታው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያኑን ፓምፕ ሳይነካው አለፈ። የግቢው ቁልፍ በቻናን እጅ ነው። አርባ ዓመት ግቢውን የጠረገው እሱ ነው። ከአራት ዓመት በፊትም ክርስቲያኖቹ ቁርኣን ቀደው በግቢው ደብቀዋል የሚል ወሬ የሰሙ የታችኛው መንደርና የአካባቢው ሰዎች ችቦ ይዘው ሲመጡ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የገዛ ቤቱ ጣሪያ ሲነድ ቆሞ አይቷል። ወሬው ሐሰት መሆኑ በሳምንቱ ታወቀ። ሐሰት መሆኑ ስለታወቀ ግን ጣሪያው ተመልሶ አልቆመም።

ኩባያውም ታሪክ አለው። በታችኛው መንደር የሐጂ ሸፊ ሻይ ቤት ለሙስሊሙ ብርጭቆ በመደርደሪያ ይቀመጣል። ለክርስቲያኑ ደግሞ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ከውጭ ዛፍ ላይ በምስማር ይንጠለጠላል። ክርስቲያኑ ራሱ ያወርደዋል፣ ሻዩ ከላይ ይንቆረቆርለታል፣ ጠጥቶ ራሱ አጥቦ ይሰቅለዋል። በዋጋው ላይ ልዩነት የለም። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም። ብዙ ክፉ ነገር ዕድሜው የሚረዝመው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳያደርገው ይደረጋል።

«ትናንት ውኃ ስጡን ብለው ሰው ላኩ» አለ ቻናን እየሄዱ። «ፓስተሩ ከተማ ነው። እኔ አሰብኩበት። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ይቆልፍባቸው ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ይጠጡ። ግን ከበሩ ውጭ፣ ለእነሱ በተሰቀለ ኩባያ፣ እነሱ እኔን እንዳጠጡኝ።»

ይህን ሲናገር ፊቱ በቸርነት በርቶ ነበር።

«ቂም ነው እንዴ፣ ባባ?»

«የምን ቂም፤ ንጽሕና ነው እንጂ። በሽታ ይተላለፋል የምትይው አንቺው አይደለሽም?»

«በሽታ በእጅና በውኃ ይተላለፋል እንጂ በሃይማኖት አይተላለፍም። ኩባያ ከታጠበ ታጠበ ነው። ለንጽሕና ከሆነ ለእኛም ለሠላሳው ቤት ሠላሳ ምስማር ይምቱልን።»

ግቢው በር ደረሱ። ቻናን ምሰሶውን በመዳፉ ደባበሰና ለምስማሩ የሚሆን ቦታ መረጠ። ከዚያ ዞር ብሎ፣

«ልጅ ነሽና አይገባሽም» አለ። «ባለጠጋ ሲምር ቸር ይባላል። ድሃ ሲምር ፈራ ነው የሚባለው። በሩን ወለል አድርጌ ብከፍትላቸው ‹አቃጠልናቸው፣ ውኃ አጠጡን› እያሉ ሲስቁብን ይኖራሉ።»

ቃሉ ቀላል አልነበረም። ሪፍቃም እንደ ቀላል አልወሰደችውም፤ ሳጥኗን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ይስቁ ይሆናል» አለች። «ጌታ ጠላታችሁን ውደዱ ሲል ‹የማይስቅባችሁ ከሆነ› አላለም።»

«ጥቅሱን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ አርባ ዓመት የጠረግሁት ከሥሩ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሐጂ ሸፊ ያን ኩባያ መስቀላቸው ልክ ነበር ወይስ ስሕተት?»

«ስሕተት ነው። ይህም ይጠየቃል?»

«የእርስዎን ሲያዩ ምን የሚሉ ይመስልዎታል? ‹አያችሁ፣ እነሱም ቢመቻቸው ያደርጉታል፤ ለካ ደንብ ኖሯል› ይላሉ። አርባ ዓመት ስሕተት የነበረውን እርስዎ በአንድ መዶሻ ልክ ሊያደርጉላቸው ነው። በድፍረት አይዩብኝና፣ ባባ፣ እርስዎ ምስማሩን አልጠሉትም። የጠሉት መዶሻው በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ነው።»

ቻናን መዶሻውን አየው።

«ከተማ የሚያስተምሯችሁ ይህን ነው?»

«መርፌ መውጋትም ያስተምሩናል።»

«እሱንስ አየሁት።»

ሪፍቃ ፈገግ አለች፤ ግን አልተወችውም። «ስሜን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። ርብቃ ጉድጓዱ አጠገብ ያን እንግዳ ስታጠጣ እምነቱን ጠየቀችው?»

«ግመሎቹንም አጠጥታለች» አለ ቻናን ሳይወድ። መጽሐፍ ጎዶሎ ሲጠቀስ ሰምቶ ማለፍ አይችልም።

«በማን እንስራ?»

«በራሷ።» ይህን ካለ በኋላ ደስ አላለውም።

«ስመጣ በታችኛው መንደር አልፌ ነበር፤ ዘጠኝ ሰው በተቅማጥ ተኝቷል። የሐጂ ሸፊ ምራት አራስ ናት፤ ከትናንት ጀምሮ ይዟታል። ያላቸው ውኃ ያው የጎርፉ ነው። ንጹሕ ውኃ ዛሬ ካላገኘች…» 

ቻናን ምስማሩን እንደ አናጢ በጥርሱ ነክሶ መዶሻውን አነሣ። በዚህ ጊዜ ሐጂ ሸፊ ራሳቸው ባልዲ ይዘው አቀበቱን ወጡና ከበሩ አሥር እርምጃ ርቀው ቆሙ። ጢማቸው ጭቃ ነክቶታል። በሌላ እጃቸው አሮጌ የቆርቆሮ ኩባያ ይዘዋል።

«ባባ ቻናን» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚጠሩት «አንተ ጠራጊ» እያሉ ነበር። «ጎርፉ ሻይ ቤቱን ወሰደው፤ ብርጭቆዎቹንም ከነመደርደሪያቸው። የተረፈኝ ዕቃ ይህ ነው፤ ዛፉ ላይ ተሰቅሎ ስለነበር። የእናንተን ዕቃ አልነካም፤ ኩባያ ይዤ መጥቻለሁ። እዚሁ ሆኜ ከላይ አንቆርቁርልኝ። ባልዲው ለምራቴ ነው።»

ቻናን ምስማሩን ከጥርሱ አወጣ። ኩባያውን ከሩቅ ለየው፤ አርባ ዓመት በገዛ እጁ ያጠበው ኩባያ ነው።

«እርስዎስ ጠጥተዋል?»

«ከትናንት በስቲያ።»

ቻናን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሩን እስከ ግድግዳው ከፈተው። «ይግቡ» አለ። ሐጂ ሸፊ አመነቱና ገቡ። ቻናን ኩባያውን ተቀበላቸው፣ ፓምፑን ራሱ እየገፋ አጥቦ ሞላው፣ በሁለት እጁም ሰጣቸው። ሐጂ ሸፊ አፋቸው ላይ አድርገው ወዲያው ራቅ አደረጉት።

«ከንፈር ይቆርጣል» አሉ።

«አውቃለሁ» አለ ቻናን። «ጠርዙ ተቀዷል። ከእጀታው በስተግራ ይጠጡ፤ በዚያ በኩል አይቆርጥም።»

ሐጂ ሸፊ ኩባያውን አዞሩ። ጠጥተው ሲጨርሱ ባዶውን ኩባያ ብዙ ጊዜ አዩት።

«ይህን ያህል ዘመን ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝማ።»

ሪፍቃ ባልዲውን ሞልታ ስታበቃ ሁለቱ ሽማግሌዎች ለመሸከም ተሻሙ። ቻናን አሸነፈ።

ምስማሩ አልባከነም። ቻናን ማታውኑ ከበሩ ውጭ መታውና የግቢውን ቁልፍ ሰቀለበት፤ የጠማው ሁሉ እንዲከፍት። አራሷ ዳነች፤ ከዘጠኙ አንድም አልሞተ። ሁሉም ሰው ተለወጠ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ውኃ እየቀዱ ሰላምታ የሚነፍጉ ነበሩ። አንዱ የክርስቲያን ውኃ አልጠጣም ብሎ የጎርፉን ጠጣና ታመመ፤ ሪፍቃ አከመችው፤ እሷንም ሰላም አላላትም። በጸደይ ግን ሌላ ወሬ ተነሣ፤ እንደ ፊተኛው ያለ ነው። ችቦ የያዙት ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ባልዲ የያዙ የታችኛው መንደር ሰዎች ቆመው አገኙ፤ ከፊት የቆሙት ሐጂ ሸፊ ነበሩ። «ቁልፉ የት እንደሚሰቀል እኛም እናውቃለን፤ የሚደበቅ ነገር ቢኖር ደጅ ይሰቀል ነበር?» አሏቸው። ወሬው ድልድዩን ሳይሻገር ቀረ። ሠራዊት የማያደርገውን አንድ ክፍት በር አደረገው። ፍቅር ሞኝነት የሚመስለው ላልሞከረው ነው።

ሻይ ቤቱ ዳግም ሲከፈት ብርጭቆዎቹ ሁሉ በአንድ መደርደሪያ ተደረደሩ። ቻናን ከሰው ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠጣል። ብርጭቆው አዲስ ነው፣ ጠርዙም ደኅና ነው። እሱ ግን ከመጠጣቱ በፊት እስከ ዛሬ ወደ ግራ ያዞረዋል። ሐጂ ሸፊ ያዩታል። ሻይም ይጨምሩለታል።