ጀልባው ሳይመለስ

— ሄሎ።… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ጮክ በይ፣ እዚህ ሮቤ ዛሬ ኔትወርክ የለም።… ኢብቲሳም? ወዓለይኩሙ ሰላም። ቆይ፣ በሩ ጋ ልቁም።… አሁን ትሰሚኛለሽ?

— እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ይሄ ቁጥር የአረብ አገሩ አይደለም። የማን ነው?… የሆቴል።… ኖርዌይ? እሱ ደግሞ ወዴት ነው?… እሺ፣ አውሮፓ። ከአሠሪዎችሽ ጋር።… በክረምት ነው በበጋ?… በጋ ሆኖ እንዲህ ከበረደ ዲንሾ ተራራ ላይ ነሽ በይኛ።

— (ወደ ውስጥ) ጁሀራ፣ ልጅሽ ናት። ደህና ናት። አሠሪዎቿ ለሽርሽር አውሮፓ ይዘዋት ሄደዋል። ሆቴል አርፋለች።… ኤዬ፣ አዎ፣ ሰላም ብላሻለች።

— ሄሎ። እናትሽ ናት፣ ደስ አላት። ሆቴሉ እንዴት ነው?… አሥራ ሁለት ክፍል ብቻ? ትንሽ ነው እንጂ።… የሀብታም ነው። እሺ።… በየክፍሉ ሥዕል። አንቺስ የት ነው የምትተኚው?… የት?… ድገሚልኝ።… መታጠቢያ ቤት፣ መሬት ላይ። ስንት ቀን ሆነሽ?

— አታልቅሺ። ስታለቅሺ አልሰማሽም።

— (ወደ ውስጥ) ጁሀራ፣ ላሟ ገብሱ ውስጥ ሳትገባ አልቀረችም። ወጥተሽ እያት።… አዎ፣ አሁኑኑ።

— ወጥታለች። ተናገሪ።… በካውያ።… የትኛው ክንድሽ?… ማዳምሽ ራሷ ናት ያቃጠለችሽ?… ማን አየልሽ?… የሆቴሉ ሴትዮ፣ ፎጣ ልትቀይር ስትገባ። ስልኩንም የሰጠችሽ እሷ ናት።… በምን ቋንቋ ተግባባችሁ?… ወጥ ቤት የምትሠራ ሶማሌ አለች፣ ዐረብኛ ታውቃለች። እሺ። ምን አሉሽ?… «ፖሊስ እንጥራልሽ፣ ከእንግዲህ እነሱ ጋ አትመለሺም።» እንዲህ ብለው ነው?… በዚሁ ቃል?

— ሰዎቹ የት ናቸው?… ሕፃኑን ላንቺ ትተው በጀልባ ተራራ ሊያዩ ሄዱ። መቼ ይመለሳሉ?… ግማሽ ሰዓት ነው ያለሽ ማለት ነው።

— ታዲያ ምን አስቆመሽ?… አውቃለሁ። ሳቢሪን።

— ታላቅሽ የማዳምሽ እናት ቤት እንደምትሠራ አልረሳሁም።… እንዲህ አለችሽ? «አንቺ ብትጠፊ እህትሽ ትከፍላለች» አለች?… ፓስፖርቷም እነሱ ጋ ነው።… ታደርገዋለች?… ያየሻትን ንገሪኝ፣ እኔን ለማጽናናት አይደለም። ታደርገዋለች?

— አለሁ። አልተቋረጠም። ታደርገዋለች አልሽ፣ ሰማሁ።

— ስሚኝ። ሕፃኑ የት ነው?… ጀርባሽ ላይ ተኝቷል። አልጋ ላይ ጥለሽው እንዳትወጪ። ለሴትዮዋ በእጇ አስረክቢያት፣ ሶማሌዋም ቆማ ትይ። ልጅ ጥላ ጠፋች እንዳይሉሽ።… መሳሙን ሳሚው፣ እሱ ምን አጠፋ።

— ፖሊሶቹ ዕድሜሽን ይጠይቁሻል። እውነተኛውን፣ አሥራ ስምንት በይ።… ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ተዪው። ቀበሌ ቆሜ «ሃያ አምስት ናት» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አባቴ ዋሽቶ ነው በያቸው።… እኔን ምን ያደርጉኛል፣ ሮቤ ነኝ።

— አዎ። ውጪ እያልኩሽ ነው።… አይደለም፣ አንቺ አልመረጥሽም። ሳቢሪንን የተውኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ብትጠይቅሽ፣ አባቴ አዘዘኝ በያት። ይሄን ቃል እንዳትለውጪው።… ወላሂ፣ እኔ ነኝ።

— እንዴት አድርጌ ላስጠነቅቃት? ስልኳን ከወሰዱባት ስድስት ወር ሆነ።… ዱዓ አደርጋለሁ። ሌላ ምን አለኝ።

— ምን ጮኸ?… የጀልባው ጥሩምባ ነው፣ ገና ሰዓቱ ሳይደርስ?… በመስኮት ይታይሻል?… በይ በቃ፣ ሴትዮዋን ጥሪያት።… እኔ አልዘጋም፣ አንቺ ዝጊው። ኢብቲሳም፣ ዝጊው አልኩ። ነጋቲ፣ በሰላም ልጄ።

— (ስልኩ ተዘግቶ፣ ወደ በሩ) ኤዬ፣ ጨረስን።… ደህና ናት አልኩሽ፣ እሷስ ደህና ትሆናለች።… ጁሀራ፣ በሩን ዝጊና አጠገቤ ተቀመጪ። ስለ ሳቢሪን የምነግርሽ አለኝ።