አቶ እንደሻው የናቁት ባቡር

በ፲፱፻፵፮ ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ወይዘሪት ሰገነት ቀሚሷን ከልብስ ሰፊ ልትቀበል ወደ ሐረር ጀጎል ገባች። የፈረስ መጋላን አደባባይ ተሻግራ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ቁልቁለት ስትታጠፍ ግን እግሯ ቀጥ አለ። ትናንት ጧት ራሷ አውቶቡስ ላይ አሳፍራ ወደ ድሬዳዋ የሸኘቻቸው፣ በዚህ ሰዓት በባቡር ወደ አዲስ አበባ መቃረብ የነበረባቸው አጎቷ አቶ እንደሻው፣ የልብስ ሰፊው የከድር ሱቅ በራፍ ላይ ስንቃቸውን ታቅፈው ሻይ ይጠጣሉ።

«ጋሼ! ምነው፣ ባቡሩ ተበላሸ እንዴ?»

«ባቡሩስ ሄዷል። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን ቀሩ?»

«አስቀያሚ ነዋ!»

ሰገነት የሰማችውን ማመን አቃታት። አቶ እንደሻው ሃያ ዓመት ሙሉ በባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው፣ ግራው ፈጽሞ ጠፍቶ ቀኙም እየተከተለው ነበር። እሷ አዲስ አበባ ላለ የዓይን ሐኪም ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፋ፣ ደጅ ጠንታ፣ አልጋ አስይዛላቸዋለች። ቀጠሮው ሰኞ ነው። ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ቃል ገደል ሲገባ ስታይ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ጋሼ፣ ለዓይንዎ ሕክምና እንጂ ሚዜ ሆነው አይደለም የሚሄዱት! የባቡሩ መልክ ምን ያደርግልዎታል?»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ መልክ ከንቱ ይመስልሻል። የእኛ ባቡር ደረት ነበረው። ጭሱ እንደ ጎፈሬ ቆሞ፣ ዘንጉ መንኮራኩሩን ሲገፋ እየታየ፣ እየተነፈሰ ይመጣ ነበር። ይህ በናፍጣ የሚሄደው ሣጥን ነው። ጭስ መውጫው አይታይ፣ ፊቱ ከኋላው አይለይ። ደግሞ እንደ ከሰል የጠቆረ!»

ከድር መርፌውን ከጥርሱ መካከል አውጥቶ ሳቀ። ጨርቅ ለማምጣት በየሳምንቱ ድሬዳዋ የሚወርድ ሐረሬ ነው።

«እንዲህስ አይበሉ፣ አባቴ! ወላሂ፣ እኔ እንደዚያ ያማረ ነገር አላየሁም። በደንብ እንደ ተተኮሰ ኮት አንድ እጥፋት የለበትም። የድሮው ቧንቧው፣ ብሎኑ፣ ሆድ ዕቃው ሁሉ ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር። ጥሩ ኮት ስፌቱን ይደብቃል።»

«ስፌቱን የሚደብቅ ሰፊ ምን አበላሽቶ ነው? ማሽን ሥራውን ሲያሳይ ነው የሚያምረው!»

«ሁለታችሁም ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ተዉኝ!» አለች ሰገነት። «ሐኪሙ ሰኞ ይጠብቃል፣ እናንተ ስለ ኮት ትከራከራላችሁ! ጋሼ፣ ይህ ቀኝ ዓይን ከጠፋ ቆንጆውንስ በምን ያዩታል?»

አቶ እንደሻው ወደ ሻያቸው አቀረቀሩ። ከድርን ግን አንድ ነገር ከነከነው።

«ቆይ፣ ጥቁር ያሉት የቱን ነው? መንገደኛ የሚጎትተው እኮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ነው። ወገቡ ላይም ቢጫ መስመር አለው።»

ሽማግሌው የሻይ ብርጭቋቸውን አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ ሳቱትና ሻዩ ፈሰሰ። ሰገነት ያን ጊዜ ገባት። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አላዩትም፣ ጋሼ?»

«አላየሁትም» አሉ ቀስ ብለው። «የድሮው ቢሆን አተነፋፈሱን ሰምቼ ፊቱ ወዴት እንደሆነ ዐውቃለሁ። ይህኛው ዝም ብሎ ያጉረመርማል። ግድግዳ መስሎኝ ተደገፍሁት። አንድ ጎረምሳ ሠራተኛ፣ ‹አባት፣ ከባቡሩ ዞር በሉ› አለኝ። እኔን! በሩ የት ነው ብዬ መጠየቅ ሞት ሆነብኝ፤ ተመለስሁ።»

ስንቱ ሰው ነው ሕመሙን በኩራት ሸፍኖ፣ «አዲስ ነገር አልወድም» እያለ የሚጎዳው! ሰገነት በአጎቷ መናደዷን ትታ በራሷ ተናደደች። ደብዳቤውን አሳምራ ስትጽፍ፣ ማየት የተሳነውን ሰው ብቻውን መስደዷን አላሰበችም ነበር።

«ብቻዎን የላክሁዎት እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። እርስዎ ግን ያላዩትን ነገር አስቀያሚ ብለው ፈረዱበት። አብረን እንሄዳለን። ዓይንዎ ከተገለጠ በኋላ አስቀያሚ ነው ካሉ አልከራከርዎትም።»

«እንዲህ ከሆነስ እሺ» አሉ አቶ እንደሻው።

ሰገነት ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቃ በሚቀጥለው ባቡር ይዛቸው ሄደች። ሐኪሙ ቀጠሮ በማሳለፋቸው ተቆጣ፤ ቢሆንም ተቀበላቸው። ዓይናቸው ታሽጎ ብዙ ቀን ተኙ። ፋሻው ሲፈታ በቀኝ ዓይናቸው የሰገነትን ፊት አዩና፣ «ከስተሻል እኮ!» አሏት።

ሲመለሱ፣ ድሬዳዋ ጣቢያ እንደ ወረዱ አቶ እንደሻው ወደ ባቡሩ ራስ ሄደው ከዳር እስከ ዳር ዞሩት። ነጂው የቀድሞ እሳት አንዳጅ መሆናቸውን ሲሰማ አክብሮ ወደ ላይ አወጣቸው። ሲወርዱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አፍንጫው ድፍጥጥ ነው፤ ይህን አልክድም» አሉ። «ግን ሰገነት፣ ያ ልጅ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል! በሰፊ መስኮት ሐዲዱን እያየ ተቀምጦ ይነዳል። እኔ ግን እሳትና ፍንጣሪ ክንዴን ሲልጠው ነው የኖርሁት። ከውጭ ያለውን መልክ ሳደንቅ ውስጥ የሚነደውን ሰው ረስቼው ነበር፤ ሰውየው ደግሞ እኔው ነኝ። ለሠራተኛው እንዲህ የሚያስብ ነገር ያምራል። ተረትቻለሁ።»

ከወር በኋላ ሰገነት በጊደር መጋላ ገበያ ስታልፍ የአጎቷን ቁጣ ሰማች። በርበሬ የምትሸጠውን ወይዘሮ እልፍነሽን ነበር የሚሟገቱት። እልፍነሽም ዓይኗን ሞራ ይዟት፣ «ያባቶቼ መድኃኒት ይበቃኛል፤ የሐኪም ስለት ዓይኔን አይነካም» ብላለች።

«ሁለት ዓመት በከንቱ ጨለማ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ አንቺ ሴት! አሁን መንገዱን ያለ መሪ እሄዳለሁ፤ ደብዳቤዬን ራሴ አነባለሁ፤ የምበላውን አይቼ እቆርሳለሁ። አዲስ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው አላልሁሽም፤ ሳትሞክሪ አትፍረጂ ነው ያልሁሽ። ምን ዓይነት ድርቅና ነው?»

ወይዘሮ እልፍነሽ በርበሬውን በእጇ ዳበሰች። «እዚያ ሰው አላውቅም፤ ብቻዬን እንዴት እሆናለሁ?» አለች በመጨረሻ።

«ማን ብቻሽን ሂጂ አለሽ?» አሉ አቶ እንደሻው ተናደው፤ «ይልቅ ስንቅሽን አዘጋጂ!»