ከመጋረጃው ሥር የሚታየው ጫማ

ሲስተር፣ እንደምን ዋልሽ? መጋረጃውን አጠባችሁት መሰለኝ፣ ደስ ይላል። ትንሽ አጠረ እንጂ... ግድ የለም፣ ከወዲያኛው አልጋ ያሉትን የጎረቤቴን ጫማ አየሁበት። ቡናማ፣ ከጎኑ ዘለበት ያለው... ውይ ሲያምር! አምና ለአንዲት የባለቤቴ ዘመድ ልክ እንዲህ ያለ ገዝቼላት ነበር። የእሷ ነው አልወጣኝም! እሷ እዚህ ምን ልትሠራ? እሷ እኮ ጉልበት የላትም... የሚያማት ጉልበት ማለቴ ነው።

ኧረ ጉልበቴን ቀስ! እሱ ጋ ነው። ሰማሽው፣ ቋ ሲል? መጀመሪያ ቋ ያለብኝ ቀን ደረጃ እየወጣሁ ነበር፣ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። ያቺ ዘመዳችን ከኋላዬ ነበረች። "ዕድሜሽ ነው የሚያንኳኳው፣ ክፈችለት" አለችኝ። አዋቂ እኮ ናት! ሳትማር ሐኪም። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ አልታጠፍ ሲለኝ፣ ከወንበር ለመነሳት ጠረጴዛ ስይዝ፣ "ሥራ የጠላ ሰው ቀድሞ የሚያመው ጉልበቱን ነው" ብላ ለባለቤቴ አስረዳችልኝ። ለእሱ ደግሞ የእህቱ ቃል... የዘመዱ ማለቴ ነው... ሕግ ነው።

ሁለት ዓመት፣ ሲስተር! ሁለት ዓመት ሙሉ በእሷ ምክር ወጣሁ ወረድኩ። ከልጄ ጋር ወለል ላይ ቁጭ ብዬ መጫወት እንኳ ተውኩ። ሐኪሙ "ምነው ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ" ሲለኝ አለቀስኩ። እሱ አላሳቀኝም።

የሚያስቀኝስ የጉልበት ቅባቴ ነው! ሳሎን ቁጭ ብዬ ስቀባ አፍንጫዋን ይዛ፣ እንግዳ ፊት፣ "መስኮት ክፈቱ!" ትላለች። ንጹሕ ሰው ናት፣ ሽታ አትወድም። ታዲያ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ፣ እሷ መጥታ መታጠቢያ ቤት ገብታ በወጣች ቁጥር ቅባቴ ከስቶ ይጠብቀኛል። አይጥ ነው አልኩ። ጉልበቱን ያመመው አይጥ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ... ውሸት ነው። ይገኝለታል፣ እኔ መታጠቢያ ቤት።

ቆይ ቆይ፣ አሁን የሚሸተው ከእኔ ነው ወይስ ከወዲያ? እኔ እንኳ ዛሬ አልተቀባሁም... አልቆብኝ።

ውይ ሲስተር፣ አየሽልኝ? እጅ መጥቶ ጫማውን ሳበው! ምን ሆኑ፣ በረዳቸው ይሆን? ሳቄ መጣ፣ ይቅር በይኝ። ለነገሩ ማንም ይሁኑ ማን ሳላደንቃቸው አላልፍም። ቅድም አንቺ ስትጠይቂያቸው "ካመመኝ ሦስት ሳምንቴ ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፣ ግን ጆሮዬ ገና አልታመመም። ሦስት ሳምንት! ብልህ ማለት እንዲህ ነው። "ዕድሜ ነው" ብሎ የሚመክራቸው ዘመድ ባይኖራቸው ነዋ... እንዴት ታድለዋል!

በቃ፣ ጨረስን? እጅሽ ይባረክ። ለዚያች ዘመዴም ልመርቅላት፣ አሜን በይልኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ከእሷ ያርቀው። ምናልባት አንድ ቀን ካመማት ደግሞ ብቻዋን አያስቀራት፤ ደረጃ ስትወጣ፣ ጉልበቷ ቋ ሲል፣ ልክ እሷን የመሰለች ደግ ሴት እግዜር ከኋላዋ ያቁምላት።